የማግኖሊያ ስሞችና ስማቸው ያልተጻፈ አትክልተኞች



የዛሬው ገለጻዬ ስለ አንድ የጓሮ ዛፍ ነው። ጉዳዩ የዕፅዋት ሳይንስ እንጂ የታሪክ አይደለም የሚል ካለ ጥቂት ይታገሠኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማግኖሊያ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በብዙ መኖሪያ ቤት ደጃፍ ይታያል። የተፈጥሮ መገኛው ግን ምሥራቅ እስያና የአሜሪካ አህጉር ነው፤ ስሙ ደግሞ ከሁለቱም አልመጣም። ፒየር ማኞል በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሞንፔሊየ ከተማ የኖረ ሐኪምና የዕፅዋት ሊቅ ነበር፤ በፕሮቴስታንት እምነቱ ምክንያት ሹመት ተነፍጎት ቆይቷል። ሻርል ፕሉሚየ የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1703 ባሳተመው መጽሐፍ በማርቲኒክ ደሴት ያየውን ዛፍ በማኞል ስም ሰየመው። የደሴቲቱ ነዋሪዎች ዛፉን «ታላውማ» ይሉት ነበር። በ1753 ስዊድናዊው ሊኔ ማግኖሊያን አጸናው። ታላውማ ከጊዜ በኋላ ለተለየ የዛፍ ወገን ስም ሆኖ ቢያገለግልም፣ በመጨረሻ እርሱም በማግኖሊያ ውስጥ ተጠቃለለ።

በቻይና ግን ዛፉ ዩላን ተብሎ፣ በቡድሂስት ገዳማት አጸድ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲኮተኮት ኖሯል። አውሮፓውያን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ዩላንን «አገኘን» ሲሉ፣ ያገኙት የዱር ዛፍ ሳይሆን ትውልዶች የደከሙበትን የአትክልት ሥራ ነበር። እንዲህ ያለው «ግኝት» በእኔ አስተያየት ወራሽነት ቢባል ለእውነቱ ይቀርባል።

ማግኖሊያን በቤት ግቢ መትከል ለምን አስቸጋሪ እንደነበረ ለማወቅ ሥሩን ማየት ይበቃል። ሥሩ ወፍራም፣ ለስላሳና በቀላሉ የሚሰበር ሲሆን ከመሬቱ ገጽ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ አንዴ ከተተከለ ቦታ መቀየርን አይወድም፤ በዙሪያው መቆፈርም ይጎዳዋል። እርጥበት የሚይዝ፣ ውኃ ግን የማይተኛበት፣ ጥቂት አሲዳማነት ያለው አፈር ይስማማዋል። ከዘር የበቀለው ብዙ ጊዜ ለማበብ ረጅም ዓመታት ይወስዳል፤ ከሂማላያ የመጣው አንዱ ዝርያ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል። ይህን ሁሉ በመጀመሪያ የተማሩት በእጃቸው የሠሩ ሰዎች ናቸው።

በፈረንሳይ ናንት አቅራቢያ የሚነገረውን ታሪክ ልጥቀስ። በ1711 ከአሜሪካ የመጣ፣ ቅጠሉ በክረምትም የማይረግፍ አንድ ማግኖሊያ፣ የብርቱካን ዛፎች ከብርድ በሚጠለሉበት ቤት ውስጥ ወደ ሃያ ዓመት ያለ አበባ ቆየ። ሞቷል ተብሎ ሊጣል ሲል የአትክልተኛው ሚስት ለምና ወስዳ ውጭ መሬት ላይ ተከለችው፤ ዛፉም አድጎ አበበ። ተራኪዎቹ የባለ ርስቱን ስም ይጠቅሳሉ፤ የእርሷን አይጠቅሱም። የናንት ከተማ እስከ ዛሬ በማግኖሊያዎቿ ትታወቃለች።

በእንግሊዝ ኤክስማውዝም የዚሁ ዝርያ ዛፍ ነበር። ባለቤቱ ሰር ጆን ኮለተን ሲሆን፣ የቤተሰቡ ሀብት ከባርቤዶስና ከካሮላይና የባሪያ እርሻዎች ጋር የተሳሰረ ነበር። የችግኝ ነጋዴዎች ዛፉን እየተከራዩ ያባዙት ነበር፤ ቅርንጫፉን ሳይቆርጡ በአፈር ውስጥ ሥር እስኪሰድ ይጠብቃሉ። ቅርንጫፎቹ ከፍ ያሉ ስለነበሩ በዛፉ ዙሪያ መድረክ ተሠርቶ አፈር የተሞሉ በርሜሎች ተደረደሩ። ላውደን በ1838 እንደ ጻፈው፣ የአንዱ ችግኝ ዋጋ በመጀመሪያ አምስት የወርቅ ጊኒ ነበር፤ ቀስ በቀስም ወደ ግማሽ ጊኒ ወረደ። የመኳንንቱ ዛፍ ወደ ተራው ሰው ግቢ የገባበትን መንገድ ከማንኛውም አዋጅ ይልቅ ይህ የዋጋ መውረድ ያሳየናል። ዛፉ ራሱ ወደ 1794 ገደማ ሌላ ዛፍ እንዲቆርጥ በታዘዘ ሰው በስህተት ተቆረጠ።

ዛሬ በትናንሽ ግቢዎች በብዛት የሚተከለው ማግኖሊያ ደግሞ ድቅል ነው። ኤትየን ሱላንዥ-ቦደን የናፖሊዮንን የእንጀራ ልጅ ያገለገለ ሰው ነበር። ግዛቱ ከወደቀ በኋላ ከፓሪስ ወጣ ብሎ በፍሮሞን አትክልት ማልማት ጀመረ። በዚያም ነጩ ዩላን ሐምራዊ አበባ ካለው ሌላ የቻይና ማግኖሊያ ጋር ተዳቀለ፤ ድቅሉ በ1826 አበበ። በለጋ ዕድሜው ስለሚያብብ ቤተሰብ ተክሎ ብዙ ሳይጠብቅ ያየዋል። በሳይንስ ስሙም የሱላንዥ ማግኖሊያ ሆነ። ወላጆቹ ሁለቱም የቻይና ሲሆኑ የተጻፈለት ስም የሁለት ፈረንሳውያን ነው።

እኛ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣውን ዛፍ ባሕር ዛፍ አልነው። ስያሜው ዛፉ እንግዳ መሆኑን አይደብቅም፤ በዚህ ከማግኖሊያ የበለጠ እውነተኛ ነው እላለሁ። ይሁንና የእንጦጦን ተራራ ችግኝ እየተሸከሙ ስላለበሱት ሰዎች እርሱም ዝም ይላል። በዚህ ዓመት የመመረቂያ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች የደመወዝ መዝገቦችን፣ የችግኝ ደረሰኞችንና የአረጋውያንን ቃል ፈልጉ። ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ አለን።