ቺት ደይ፦ ዳይት ላይ ሆኖ አንድ ቀን «መልቀቅ» ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ዳይት የጀመረ ሰው ሁሉ የሆነ ቀን ላይ ይሄን ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ሳምንቱን ሙሉ ተጠንቅቄ በልቼ እሁድን እንደፈለግኩ ብበላስ?» ጂም ውስጥ አንዱ «ግዴታ ነው፣ ሜታቦሊዝም ያነቃቃል» ይላችኋል። ሌላው ደሞ «አንድ ቀን ከለቀቅክ የሳምንቱ ልፋት ገደል ገባ» ይላል። ቲክቶክ ላይ ሁለቱንም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ታገኛላችሁ።

ሁለቱም ግማሽ እውነት አላቸው። ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እናያለን፦ ሂሳቡን፣ ሰውነታችን ውስጥ የሚሆነውን፣ ጭንቅላታችን ውስጥ የሚሆነውን፣ እንዲሁም ጾም፣ በዓልና ግብዣ በማይጠፋበት ኑሯችን ውስጥ እንዴት እንደሚያዝ።

■ መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ

ሰው አራት የተለያዩ ነገሮችን በደፈናው «ቺት» ይላቸዋል።

• ቺት ደይ፦ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ገደብ የሚበላበት ቀን ነው።

• ቺት ሚል፦ ቀኑ እንደተለመደው ሆኖ አንድ ማዕድ ብቻ የሚለቀቅበት ነው። ተዋናዩ ድዌይን ጆንሰን (ዘ ሮክ) ኢንስታግራም ላይ የሚለጥፋቸው የፓንኬክና የሱሺ ክምሮች ይሄን ልማድ በጣም አስተዋውቀውታል።

• ሪፊድ፦ ስፖርተኞች የሚጠቀሙበት ነው። ለ1 ወይም ለ2 ቀን፣ ተለክቶ፣ በተለይ ካርቦሃይድሬት ከፍ ይደረጋል። ቅባቱ ዝቅ እንዳለ ይቆያል።

• ዳይት ብሬክ፦ ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት ክብደት ሳይጨምርም ሳይቀንስም ባለበት እንዲቆይ የሚያደርግ መጠን መብላት ነው።

ልዩነቱን ያዙት። ሪፊድና ዳይት ብሬክ ልክ አላቸው፣ ቺት ደይ ግን ልክ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ጥናቶች ያዩት ልክ ያላቸውን ነው። ሰው ግን የነሱን ውጤት ይዞ ያለ ልክ ለመብላት ማስረጃ ያደርገዋል።

■ ሂሳቡ

ክብደት የሚቀንሰው ሰውነት ከሚያቃጥለው በታች ስንበላ ነው። ሰውነት ደሞ ሂሳቡን በየማታው አይዘጋም፣ የሳምንቱም የወሩም ድምር ነው የሚታየው።

ለምሳሌ በቀን 2,000 ካሎሪ የሚያቃጥል ሰው 1,500 እየበላ ነው እንበል። በቀን 500 ያጎድላል ማለት ነው። በ6 ቀን 3,000 ሆነ። እሁድ ምን ይፈጠራል?

• 2,500 ከበላ፦ ከሳምንቱ 500 ብቻ ተመለሰ፣ 2,500 ተርፎለታል።
• 3,500 ከበላ፦ ግማሹ ሄደ።
• 5,000 ከበላ፦ ዜሮ። ስድስት ቀን የለፋበት በአንድ ቀን አለቀ።

«5,000 ማን ይበላል?» እንዳትሉ። 1 ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ሲኖረው፣ አልኮል 7፣ ቅባት ደሞ 9 አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ነው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ወደ 150 ይጠጋል፣ አራት ቢራ 600 ገደማ መሆኑ ነው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለ፣ እሱም ወደ 140 ካሎሪ ነው። ጠዋት ቅቤ የበዛበት ጨጨብሳ፣ ምሳ ክትፎ፣ ከሰዓት ኬክና ማኪያቶ፣ ማታ ጥብስ በቢራ ከሆነ ሳይታወቃችሁ እዛው ሰፈር ትደርሳላችሁ።

ሂሳቡ በሌላ በኩልም ይሠራል። 6 ቀን 1,300፣ አንድ ቀን 2,700 የበላ ሰው፣ ሰባቱንም ቀን 1,500 ከበላ ሰው ጋር እኩል ነው። አንድ ቀን ከፍ ማለት በራሱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የሚመጣው ያ ቀን በሳምንቱ ሂሳብ ውስጥ ሳይገባ ሲቀር ነው።

■ ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ 2 ኪሎ ጨመረ። ምን ተፈጠረ?

ብዙ ሰው ዳይቱን የሚተወው እዚህ ጋ ነው። ግን አስሉት። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ነው። በአንድ ቀን 2 ኪሎ ስብ ለመጨመር ከምታቃጥሉት በላይ ሌላ 15,400 ካሎሪ መብላት አለባችሁ። ይሄን የሚችል ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል።

የጨመረው በአብዛኛው ውሃ ነው። ሰውነት ካርቦሃይድሬትን ጡንቻና ጉበት ውስጥ ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ እያንዳንዱ ግራም ደሞ ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ወጡ ውስጥ ያለው ጨው ሌላ ውሃ ያቆያል። ያልተፈጨ ምግብም አንጀት ውስጥ አለ። ወደ ልማዳችሁ ከተመለሳችሁ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛው ይወርዳል።

ስለዚህ በማግስቱ ሚዛን ላይ አትውጡ። ዓርብ ወይም ቅዳሜ ጠዋት፣ ምንም ሳትቀምሱ ተመዘኑ። ሰኞን «ለቅጣት» ጾማችሁ መዋልም አያስፈልግም። ያ ማክሰኞ ማታ ላይ ሌላ ቺት ያመጣል።

■ «ሜታቦሊዝም ያነቃቃል» እውነት ነው?

ይሄ ሐሳብ ከባዶ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1994 የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ፍሪድማንና ቡድኑ ሌፕቲን የሚባለውን ሆርሞን አገኙ። ሌፕቲን ከስብ ሴሎች ይመነጫል፣ ለአእምሮ «ጎተራው ደህና ነው» ብሎ መልእክት ያደርሳል። ዳይት ላይ ስንሆን ይወርዳል፣ ረሃብ ይጨምራል፣ ሰውነትም ቁጠባ ይጀምራል። «እንግዲያው አንድ ቀን በደንብ በልተን ሌፕቲኑን ከፍ እናድርገው» የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተነሳ።

ተሞክሮ ታይቷል። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ጤናማ ሴቶችን ለ3 ቀን ከሚያስፈልጋቸው 40 በመቶ አስበልጦ አበላቸው። ትርፉ ካርቦሃይድሬት ሲሆን ሌፕቲን በ28 በመቶ፣ የሚያቃጥሉት ካሎሪ ደሞ በ7 በመቶ ገደማ ጨመረ። ትርፉ ቅባት ሲሆን ግን ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም።

አሁን አስሉት። የ2,000 ካሎሪ 7 በመቶ 140 ነው፣ አንድ ለስላሳ መጠጥ ማለት ነው። 40 በመቶው ግን 800 ነው። 800 አስገብቶ 140 ማቃጠል ትርፍ አይባልም። ክትፎና ቁርጥ «ሜታቦሊዝም ያነቃቃል» ያላችሁ ሰው ካለ ደሞ በቅባት በኩል ያ ትንሹም ጭማሪ እንዳልታየ ንገሩት።

ሌላው ብዙ የሚጠቀሰው በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት ነው። ከመጠን በላይ ውፍረት ያለባቸው ወንዶች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን 16 ሳምንት በተከታታይ ዳይት ያዘ። ሌላው ያንኑ 16 ሳምንት 2 ሳምንት ዳይት፣ 2 ሳምንት እረፍት እያለ በ30 ሳምንት ጨረሰው። እረፍት የነበራቸው ወደ 14 ኪሎ፣ ሌሎቹ ወደ 9 ኪሎ ቀነሱ። ደስ ይላል አይደል? ግን እረፍቱ የተለካ ነበር፣ ማንም እስኪጠግብ አልበላበትም። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ የአውስትራሊያ ጥናት ደሞ ክብደት የሚያነሱ ስፖርተኞች ላይ ሲሞክረው በስብ መቀነስ በኩል ልዩነት አላገኘም፣ ያገኘው የረሃብ ስሜት ቀለል ማለቱን ነው።

እንግዲህ ከሰውነት በኩል ለቺት ደይ የሚቆም ጠንካራ ማስረጃ የለም። ጥቅም ካለው ያለው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

■ ጭንቅላት ውስጥ የሚሆነው

በ1975 እ.ኤ.አ. የታተመ ታዋቂ ሙከራ አለ። ተማሪዎች መጀመሪያ ሚልክሼክ ይሰጣቸዋል (ለአንዳንዶቹ አይሰጥም)፣ ቀጥሎ አይስክሬም ቅመሱ ይባላሉ። አመጋገባቸውን የማይቆጣጠሩት ሚልክሼክ ከጠጡ በኋላ አይስክሬም ቀነሱ፣ ጠግበዋላ። ዳይት የሚጠብቁት ግን ሚልክሼኩን ከጠጡ በኋላ አይስክሬሙን ካልጠጡት የበለጠ በሉ። ለምን? «በቃ፣ አንዴ ተበላሽቷል፣ የመጣው ይምጣ!» ስላሉ።

ይሄንን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ሳምቡሳ በላን፣ ቀኑ «ተበላሸ»፣ ስለዚህ አምስት ጨመርን። ጉዳት የሚያመጣው ከመጀመሪያው ይልቅ የተከተለው አምስቱ ነው።

በዕቅድ የተያዘ ማዕድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቀድማችሁ «ቅዳሜ ምሳ ከጓደኞቼ ጋር ጥብስ እበላለሁ» ካላችሁ፣ ቅዳሜ ስትበሉ የተበላሸ ነገር የለም። ሐሙስ ማታ ኬክ ሲያምራችሁም «ቅዳሜ አለልኝ» ማለት «ከዛሬ ጀምሮ በጭራሽ» ከማለት ይቀላል።

ስሙም ራሱ ችግር አለበት። «ቺት» ስንል ማጭበርበር ማለታችን ነው፣ በፈተና ወይም በፍቅረኛ እንደሚደረገው። የራሳችንን ምሳ ነው እንዴ የምንሰርቀው? አማርኛ ውስጥ የተሻለ ቃል ነበረን፦ ፍስክ። ጾምና ዳይት አንድ አይደሉም፣ ዓላማቸውም ይለያያል። ግን በፍስክ ቀን ሥጋ የበላ ሰው «አጭበረበርኩ» አይልም፣ የተፈቀደ ቀን ነው። ያ ስሜት ለዳይትም ይሠራል።

አንድ ምልክት ግን አስተውሉ። ከማክሰኞ ጀምሮ እሁድን የምትቆጥሩ ከሆነ፣ ዳይታችሁ ከልክ በላይ ጠብቋል። መፍትሔው ማክሰኞ ላይ ትንሽ ጨምሮ መብላት ነው።

■ ጾም፣ በዓልና ግብዣ

ጾም፦ የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል አይደለም። ዘይት የበዛበት ሽሮ፣ ሳምቡሳና የተጠበሰ ድንች ካሎሪያቸው ከፍስክ ምግብ ላያንስ ይችላል። ረቡዕና ዓርብ ጾማችሁ ስለዋላችሁ ብቻ «ሂሳብ አለኝ» ብላችሁ ቅዳሜን አትልቀቁ።

በዓል፦ ከ55 ቀን የሁዳዴ ጾም በኋላ ሌሊት ላይ ዶሮ ወጥ፣ ጥሬ ሥጋና ጠላ በአንዴ ሲገቡ ሆድ ይረበሻል። በትንሹ ጀምሩ፣ አልኮሉን አቆዩት። በረመዳን ደሞ ጥያቄው የአንድ ቀን አይደለም። ኢፍጣር በየማታው ስለሆነ በየማታው እንደ በዓል ከተበላ የወሩ ድምር ይታያል።

አሜሪካ ውስጥ 195 አዋቂዎችን በበዓል ሰሞን የተከታተለ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአማካይ የጨመሩት 0.37 ኪሎ ብቻ መሆኑን አገኘ። ትንሽ ነው። ችግሩ በዓሉ ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት ያ ጭማሪ አለመውረዱ ነው። ወደኛ ስናመጣው፣ የፋሲካ ቀን ዶሮ ወጥ ማንንም አያወፍርም። ድስቱ እስኪያልቅ ሳምንቱን ሙሉ እየተሞቀ የሚበላው፣ በየዘመዱ ቤት የሚደገመው፣ ከቡና ጋር የሚመጣው ድፎ ግን ይቆጠራል።

ግብዣ፦ «ዳይት ላይ ነኝ» ብላችሁ አታውጁ። እትዬ «ምን ሆነሽ ነው? ከስተሻል እኮ!» ብለው ድርብ ያቀርቡላችኋል። መጀመሪያ ትንሽ አንሱ፣ «በሞቴ» ሲባል የምትጨምሩበት ቦታ ይኑራችሁ። ጉርሻ ከመጣ ተቀበሉ፣ አንድ ጉርሻ ዳይት አያፈርስም።

■ እነማን ቢቀርባቸው ይሻላል?

• የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ኪኒን የምትወስዱ። ድንገት ብዙ መብላትም ሆነ በማግስቱ መራብ አደገኛ ነው። ሐኪማችሁን ጠይቁ።
• የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ። የአንድ ቀን ብዙ ጨው ለናንተ ቀላል አይደለም።
• ሪህ ያለባችሁ። ብዙ ሥጋና ቢራ በአንድ ላይ ሕመሙን ይቀሰቅሳል።
• የሐሞት ጠጠር ያለባችሁ። ቅባት የበዛበት ማዕድ ከባድ ሕመም ሊያስነሳ ይችላል።
• ተደብቃችሁ የምትበሉ፣ እስኪያማችሁ ድረስ ማቆም የሚያቅታችሁ፣ ከበላችሁ በኋላ የምታስመልሱ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የምትወስዱ ወይም ራሳችሁን በስፖርት የምትቀጡ። ለእናንተ ቺት ደይ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ይሄ የጽናት ማነስ አይደለም፣ ሕክምና ያለው የጤና ችግር ነው። ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ የሥነ አእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ሂዱ። ጓደኛችሁ ላይ ካያችሁትም አትቀልዱበት።

■ ካደረጋችሁት እንዲህ አድርጉት

1. ቀኑን ሙሉ አትልቀቁ፣ አንድ ማዕድ ይብቃ።
2. ቀድማችሁ ወስኑ። ሰርግ ወይም ልደት ካለ የሳምንቱ ማዕድ እሱ ይሁን።
3. በጣም የምትወዱትን ብቻ ምረጡ። ስላለ ብቻ የሚበላ ብስኩት ቦታ አይያዝ።
4. ቁርስ ዘላችሁ በባዶ ሆድ አትሂዱ። እንቁላል ወይም ፉል በልታችሁ ውጡ።
5. ከሰው ጋር ተቀምጣችሁ፣ ስልክ አስቀምጣችሁ ብሉ።
6. መጠጡንም ቁጠሩ። አልኮልና ለስላሳ ሆድ ሳይሞሉ ሂሳብ ይሞላሉ።
7. ቀጣዩ ማዕድ የተለመደው ይሁን። «ከሰኞ ጀምሮ» አይባልም፣ ከእራት ጀምሮ ነው።

■ በአጭሩ

ቺት ደይ ግዴታ አይደለም፣ ሜታቦሊዝምንም ይሄ ነው በሚባል ደረጃ አይለውጥም። ያለ ልክ ከሆነ የሳምንቱን ልፋት ይበላል። በዕቅድ የተያዘ አንድ ማዕድ ግን ሂሳቡን ሳያናጋ ዳይቱን ለወራት ለማቆየት ይረዳል። ስድስት ወር የሚዘልቅ ልል ዳይት፣ በሦስት ሳምንት ከሚያልቅ ጥብቅ ዳይት ይሻላል።

ሰኞ ጠዋት ሚዛን ላይ ቆሞ ለሚደነግጥ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።