ለቆዩ ተሽከርካሪዎች የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ (ኩላንት) አመራረጥ

እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስለሆነም የራዲያተር ክዳኑ በእርጅና ምክንያት ግፊት መያዝ ያቃተው ተሽከርካሪ በውሃ ብቻ ሲነዳ ሞተሩ ከልክ በላይ ሊግል፣ ቴስታታውም ሊጣመም ይችላል። ውሃ ብቻውን የሞተሩን ውስጣዊ ክፍል ለዝገት ይዳርጋል።

ኩላንት የሚመረጠው በቀለሙ ሳይሆን በተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍ በተገለጸው ዓይነት ነው፤ ቀለም በአምራቾች ዘንድ ወጥ ትርጉም የለውም። ቀድሞ የተሞላው ዓይነት ካልታወቀ፣ አዲሱ ከመጨመሩ በፊት አሮጌው ሙሉ በሙሉ ሊወገድና ራዲያተሩ ሊታጠብ ይገባል። ያልተበረዘ ኩላንት በአብዛኛው ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይደባለቃል።

ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑ አይከፈትም። ኩላንት ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዛማ ፈሳሽ በመሆኑ ከሕፃናትና ከእንስሳት መራቅ አለበት።