ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ

የሥራ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ይሄን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይወጣዋል፦ «በኤሌክትሪካል ወይም በኮምፒውተር ምህንድስና ዲግሪ ያለው/ያላት፣ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ተዛማጅ የሥራ ልምድ»። አብረውኝ ከተመረቁት ብዙዎቹ እዚህ ዓረፍተ ነገር ፊት ቆመው ቀርተዋል። ልምድ ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል፣ ሥራ ለማግኘት ልምድ ያስፈልጋል። ኢምቤድድ ሶፍትዌር ላይ ደግሞ ይብሳል፤ «ብርሃን የሚያበራና የሚያጠፋ ሰርኪዩት ሠርቻለሁ» ብለህ ሲቪህ ላይ ብትጽፍ ማንም ዞር ብሎ አያይህም።

ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ዜሮ ዓመት ልምድ ይዞ ስለተቀጠረ አንድ ልጅ ነው። ዶን አይልስ ይባላል። በ1966 ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በሂሳብ ተመርቆ ወጣ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ዕድሜው 23 ነበር። የገባው ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ፣ የኤምአይቲ ኢንስትሩሜንቴሽን ላቦራቶሪ ነው። የተሰጠው ሥራ ደግሞ ጨረቃ ላይ የምታርፈዋን መንኮራኩር የሚያወርደው ፕሮግራም ላይ መሥራት ነበር። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል።

እብደት ይመስላል፣ ግን ላቦራቶሪው ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? የአፖሎን ኮምፒውተር እንዲሠራ ውሉን የወሰደው በነሐሴ 1961 ነው፤ ከአፖሎ ዋና ዋና ውሎች የመጀመሪያው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው ደግሞ በ1962 ነው። «የሶፍትዌር ምህንድስና» የሚለው ስም በዓለም የተስፋፋው በ1968 ጀርመን ጋርሚሽ ላይ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ነው። ማለት የሙያው ስም እንኳ ገና አልጸናም። «5 ዓመት ተዛማጅ ልምድ» ብለው ቢለጥፉ ማን ይመጣላቸው ነበር?

የመጡት ሌላ ሌላ ነገር ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በኋላ የበረራ ሶፍትዌሩን ቡድን የመራችው ማርጋሬት ሃሚልተን በ1958 ከኧርላም ኮሌጅ በሂሳብ ተመርቃ፣ መጀመሪያ ለሜትሮሎጂስቱ ኤድዋርድ ሎሬንዝ የአየር ጠባይ ፕሮግራም ጻፈች፣ ከዚያ ሴጅ በሚባለው የአየር መከላከያ ኮምፒውተር ላይ ሠራች። ፕሮግራም መጻፍን የተማረችው እየሠራች ነው። አይልስም እንደዚያው።

ኢምቤድድ የሚባለውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ አንድ ዕቃ ሆድ ውስጥ ተቀብሮ ያንን ዕቃ ብቻ የሚያሠራ ፕሮግራም ማለት ነው። ቤታችሁ ያለው የካርድ ቆጣሪ ውስጥ አለ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አለ፣ መኪናው ውስጥ በርከት ብሎ አለ። የአፖሎው ኮምፒውተር የእነዚህ ሁሉ ቅድመ አያት ነው ብል አላጋነንኩም። ክብደቱ 32 ኪሎ ገደማ፣ የሚበላው ኃይል 55 ዋት፣ ማለት ከአንድ የድሮ አምፖል አይበልጥም። ቋሚ ሜሞሪው 36,864 ቃል ነው፤ እያንዳንዱ ቃል 15 ቢት፣ ተደምሮ ወደ 70 ኪሎባይት ገደማ። ተጽፎ የሚጠፋው ሜሞሪ ደግሞ 2,048 ቃል፣ ይኸውም 4 ኪሎባይት አካባቢ። በስልክ ያነሳችሁት አንድ ፎቶ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

ግን ቁጥሩን ትታችሁ ቋሚው ሜሞሪ እንዴት እንደሚሠራ እዩልኝ። ይሸመናል። ቃል በቃል ነው የምላችሁ። ዋልተም በሚገኘው የሬይቲየን ፋብሪካ፣ ከጨርቃ ጨርቅና ከሰዓት ፋብሪካ የመጡ ሴቶች ቁጭ ብለው ቀጭን የመዳብ ሽቦ በትንንሽ የማግኔት ቀለበቶች መካከል በመርፌ ያሳልፋሉ። ሽቦው በቀለበቱ ውስጥ ካለፈ 1፣ በውጭ ከዞረ 0። አለቀ። መሐንዲሶቹ «የአሮጊቶች ሜሞሪ» እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ ቀልዱ ደስ አይለኝም፣ ምክንያቱም ከሴቶቹ አንዷ አንድ ሽቦ ብትስት ፕሮግራሙ ሌላ ፕሮግራም ይሆናል። ሸማኔ ቤት ያደገ ሰው ይገባዋል፤ ድርና ማጉ ከገባ በኋላ ጥለቱን መቀየር የለም። ስለዚህ የአይልስ ኮድ ከበረራው ብዙ ሳምንት በፊት አልቆ፣ ተፈትኖ፣ ለሽመና መሄድ ነበረበት። ከዚያ በኋላ «አፕዴት» የሚባል ነገር የለም።

ወደ ሐምሌ 20 ቀን 1969 እንሂድ። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 13 ቀን 1961 ነው፣ መንኮራኩሯ ያረፈችውም በኛ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ17 ላይ። አርምስትሮንግና ኦልድሪን እየወረዱ ሳለ ኮምፒውተሩ 1202 የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። ደገመ። ከዚያ 1201። በጠቅላላ አምስት ጊዜ።

የሆነው ይሄ ነው። በዚያች ደቂቃ ምንም የማያስፈልገው የመገናኛ ራዳር በርቷል። የራዳሩና የኮምፒውተሩ የኤሌክትሪክ ምንጮች ድግግሞሻቸው እኩል ቢሆንም ፌዛቸው አልገጠመም፤ በዚህ የተነሳ ራዳሩ ትርጉም የሌለው ቁጥር እያከታተለ ይልካል፣ ኮምፒውተሩም እሱን ሲቆጥር ከጊዜው 13 በመቶ ገደማ ይበላበታል። ሥራው ተከመረ፣ ቦታ አለቀ። ሌላ ኮምፒውተር ቢሆን እዚያው ደርቆ ይቀር ነበር። የዚህን ኮምፒውተር ሥራ አከፋፋይ የነደፈው ሃል ላኒንግ ግን እያንዳንዱ ሥራ እንደ ክብደቱ ተራ እንዲይዝ አድርጎ ነው የሠራው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ጥሎ እንደገና ተነሳ፣ ማውረዱን ከነበረበት ቀጠለ፣ ዋና ያልሆነውን ተወው።

መሬት ላይ «ቀጥሉ» ያሉትም ልጆች ናቸው። የጋይዳንስ ኃላፊው ስቲቭ ቤልስ 26 ዓመቱ ነው። ከጀርባ ክፍል ሆኖ የነገረው ጃክ ጋርማን ደግሞ 24። ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በልምምድ ላይ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ መጥቶ ቤልስ ሳያስፈልግ አቋርጡ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ጋርማን የማስጠንቀቂያዎቹን ቁጥርና ትርጉም በእጁ ጽፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔ ልምድ ማለት ይህች ወረቀት ናት እላለሁ፤ አምስት ዓመት አልፈጀችም።

ብዙም የማይወራ ሌላ ታሪክ አለ፣ ኢምቤድድ ለሚሠራ ሰው ግን ከ1202ም ይበልጣል። የማረፊያው ሞተር ጉልበት ጨምር ወይም ቀንስ ሲባል ትንሽ ይዘገያል፤ ፕሮግራሙ ያንን መዘግየት ማካካስ አለበት። በሞተር ሠሪዎቹና በሶፍትዌር ሠሪዎቹ መካከል የነበረው ሰነድ መዘግየቱ 0.3 ሰከንድ ነው ይላል። ኮዱ ውስጥ የገባው ማካካሻ ግን 0.2 ነበር። በኋላ ሲጣራ ሞተሩ ተሻሽሎ መዘግየቱ 0.075 ሰከንድ ገደማ ደርሷል፣ ሰነዱን ግን ማንም አላደሰውም። እና አይልስ በኋላ እንዳስረዳው፣ ሰነዱን አምነው 0.3 ብለው ቢጽፉ ኖሮ የሞተሩ ጉልበት ከፍ ዝቅ እያለ ይናወጥና ማረፉ ይበላሽ ነበር። ሰነድ ያላደሰ የሥራ ባልደረባ ያለው ሁሉ እዚህ ጋ ይተንፍስ።

አሁን ወደ ጥር 28 ቀን 1963፣ ማለትም የካቲት 5 ቀን 1971፣ ወደ አፖሎ 14። አይልስ 27 ዓመቱ ነው፣ ፀጉሩን አሳድጓል። አለን ሼፐርድና ኤድጋር ሚቼል ለመውረድ ሲዘጋጁ ኮምፒውተሩ የማቋረጫው ቁልፍ እንደተጫነ ይነግራቸዋል። ማንም አልነካውም። ሚቼል ሰሌዳውን ኳ ኳ ሲያደርገው ምልክቱ ይጠፋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ምናልባት ቁልፉ ውስጥ የብየዳ ፍንጣሪ እየተንሳፈፈች ሽቦ ከሽቦ እያገናኘች ነው። በወረዳው መሃል ምልክቱ ከመጣ ኮምፒውተሩ ትእዛዙን አክብሮ መንኮራኩሯን ወደ ላይ ይመልሳታል፣ ጨረቃም ትቀራለች።

ካምብሪጅ ተደወለ። ያለው ጊዜ ሁለት ሰዓት ገደማ። ኮዱ ተሸምኗል፣ አንዲት ቢት አይነካም። የሚነካው 4 ኪሎባይቷ ብቻ ናት። አይልስ ቁልፉን የሚከታተለውን ክፍል ያውቀዋል፤ ያ ክፍል ቁልፉን ከማመኑ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «የማቋረጫው ፕሮግራም አሁን እየሠራ ነው?» እየሠራ ከሆነ ዝም ይላል። እሺ፣ እንዋሸው። «አሁን የሚሠራው ፕሮግራም ቁጥር» የሚቀመጥባት ቦታ ላይ 71 ይጻፍ፤ 71 የአንዱ ማቋረጫ ቁጥር ነው። ማውረጃው 63 ከሥር መሥራቱን ይቀጥላል፣ ተቆጣጣሪው ግን ማቋረጥ ተጀምሯል ብሎ ይተኛል።

ውሸት ደግሞ መዘዝ አለው። ቁጥሩ 71 ሆኖ ሳለ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ወደ ሙሉ ጉልበት በራሱ አይሄድም። ስለዚህ ሼፐርድ በ26ኛው ሰከንድ ገደማ በእጁ ይግፋ፣ ሚቼል ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ ያደርገው የነበረውን ምልክት በቁልፍ ሰሌዳ ያስገባ፣ ማቋረጥን የሚፈቅደውን ምልክት ያጥፋ፣ በመጨረሻ 71ን ወደ 63 ይመልስ። በአጠቃላይ 61 ጊዜ ቁልፍ መጫን ነው፣ ቁጥሮቹም በኦክታል፤ 71 ለማለት 107፣ 63 ለማለት 77። አስቡት፣ ሞተር እየነደደ። ላቦራቶሪው ሲሙሌተር ላይ ሞከረው፣ ወደ ሂዩስተን ላከው፣ ከዚያ በሬዲዮ ለሁለቱ ተነበበ፣ ሚቼልም አስገባው። ሠራ። ወደ ታች ሲደርሱ የማረፊያ ራዳሩ ደግሞ እምቢ አለ፤ እሱን የኤሌክትሪክ ማቋረጫውን ነቅለው መልሰው በመሰካት ፈቱት፣ ማለትም እኛ ራውተር ላይ የምናደርገውን። አረፉ።

በመጋቢት 1971 ሮሊንግ ስቶን የተባለው የሙዚቃ መጽሔት ስለዚህ ፀጉራም ልጅ ጻፈ። ላቦራቶሪው በ1973 ከኤምአይቲ ተለይቶ በመሥራቹ በቻርልስ ስታርክ ድሬፐር ስም ቆመ፤ አይልስም እዚያው ቆይቶ ለስፔስ ሸትልና ለዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሠራ፣ በ2018 ደግሞ ትዝታውን በመጽሐፍ አወጣ።

የነዚያ ልጆች ኮድ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ተዘርግቷል፤ በ2016 ጊትሃብ ላይ ሲወጣ ዓለም ተሯሩጦ ከፈተው። የማረፊያውን ስሌት የያዘውን ፋይል ክፈቱና ወደ ታች ውረዱ። በስተቀኝ፣ ከሁለት መስመሮች አጠገብ፣ ይሄ ጊዜያዊ ነው የሚል ማስታወሻ አለ፣ «ሆፕ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ፤ ተስፋ፣ ተስፋ፣ ተስፋ። ሁለቱም መስመሮች ተሸምነው አፖሎ 11 ላይ ጨረቃ ደርሰዋል።