ወታደራዊ የሕክምና ቴክኒሻን፦ አልጋ ይዘው ለሚታከሙ ሕሙማን የሚሰጠው መሠረታዊ እንክብካቤ

ወታደራዊ የሕክምና ቴክኒሻን በጦር ሠራዊት ሆስፒታል ውስጥ፣ በነርስ ኃላፊነት ሥር ሆኖ፣ አልጋ ይዘው የሚታከሙ ሕሙማንን የሚንከባከብ ወታደር ነው። ሙቀትና የደም ግፊት ይለካል፣ ገላ ያጥባል፣ ይመግባል፣ ያገላብጣል፣ ደግፎ ያራምዳል፣ ያየውን ይመዘግባል። የተለወጠ ነገር ሲያይም ለነርሷ ያሳውቃል። ይህ መጣጥፍ በአሜሪካ ጦር፣ በተለይም በአየር ኃይሉ ያለውን አሠራር ይገልጻል።

የሥራውን ምንነት ለአማርኛ አንባቢ ቶሎ የሚያስረዳው «አስታማሚ» የሚለው ቃል ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ታማሚን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ፖፖ ማቅረብና አጠገቡ ማደር በአብዛኛው የዘመድ ድርሻ ነው። ከቤቱ ርቆ የቆሰለ ወታደር ግን እናቱም ሚስቱም አጠገቡ የሉም። ያንን ቦታ የሚሸፍነው ቴክኒሻኑ ነው። የአስታማሚን ሥራ በሠለጠነ እጅና ዓይን ይሠራል፤ የሙያው ክብርም ክብደትም ከዚህ ይመነጫል።

ስያሜና አደረጃጀት

በአየር ኃይሉ ሙያው «የአየርና ሕዋ ሕክምና አገልግሎት» ይባላል፤ መለያ ቁጥሩ 4ኤን0ኤክስ1 ነው። ባለሙያው ከጀማሪነት ተነሥቶ በ3፣ በ5፣ በ7 እና በ9 ቁጥር በሚታወቁ የክህሎት ደረጃዎች ያድጋል። በምድር ጦር ተቀራራቢውን ሥራ የሚሠሩት 68ደብልዩ የተባለው የጦር ሜዳ ሐኪም ረዳትና 68ሲ የተባለው የተግባር ነርስ ሲሆኑ፣ በባሕር ኃይል «ሆስፒታል ኮርፕስማን» ነው። የማሪን ጓድ የራሱ የሕክምና ወታደር ስለሌለው የሚያገለግሉት የባሕር ኃይሉ ኮርፕስማኖች ናቸው። በሲቪሉ ዓለም ከሙያው ጋር የሚቀራረበው በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን «ሲኤንኤ» የሚሉት የነርስ ረዳትነት ነው፤ የወታደሩ ሥልጠና ግን ድንገተኛ ሕክምናንም ይጨምራል።

በጦሩ ውስጥ ከተግባር ነርሶች በስተቀር ነርሶች መኮንኖች ናቸው፤ ቴክኒሻኖች ግን ከመኮንንነት በታች ባሉ ማዕረጎች ያገለግላሉ። አልጋ ላይ ያለው ታማሚ ኮሎኔል፣ የሚያጥበው ደግሞ የ20 ዓመት ወጣት ወታደር ሊሆን ይችላል። ማዕረግ በአክብሮት ይጠራል እንጂ እንክብካቤውን አይለውጠውም፤ መገላበጥ ካለበት የኮሎኔሉም የተራው ወታደርም ጀርባ እኩል ይታያል።

ታሪካዊ አመጣጥ

በድሮ የጦር መርከቦች ላይ የቀዶ ሐኪሙን የሚረዳው ልጅ «ሎብሎሊ ቦይ» ይባል ነበር። ሎብሎሊ ለሕሙማን የሚቀርብ፣ እንደኛ አጥሚት ያለ ወፍራም ምግብ ነው። የዛሬው ኮርፕስማን የዘር ሐረጉን ወደዚህ ልጅ ይመዝዛል፤ የሙያው አንድ ሥር ታማሚን መመገብ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ደግሞ በማገገም ላይ ያሉ ወታደሮች ጓዶቻቸውን እንዲያስታምሙ ይመደቡ ነበር። ይህ አሠራር ያልሠለጠነ ሰው በጣም ለታመመ ሰው ኃላፊ እንዲሆን ያደርግ ስለነበር ቋሚና የሠለጠነ አካል ማቋቋም ግድ ሆነ። የምድር ጦር የሆስፒታል ጓድ እ.ኤ.አ. በ1887፣ የባሕር ኃይሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጁን 17 ቀን 1898 ተመሠረቱ። አየር ኃይሉ የራሱን የሕክምና አገልግሎት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው።

ሥልጠና

የሦስቱም ኃይሎች ቴክኒሻኖች በቴክሳስ ግዛት፣ በሳን አንቶኒዮ ከተማ፣ ፎርት ሳም ሂውስተን በሚገኘው የጋራ የሕክምና ትምህርትና ሥልጠና ማዕከል ይማራሉ። የአየር ኃይሉ ትምህርት ቀድሞ በሼፐርድ የጦር ሰፈር ይሰጥ ነበር። የአየር ኃይሉ ሠልጣኝ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠውን የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን ፈተና ማለፍ አለበት። አልጋ ማንጠፍ፣ ሕመምተኛ ማንሣት፣ የደም ግፊት መለካትና ቁስል ማሸግ በአሻንጉሊትና እርስ በርስ ከተለማመዱ በኋላ በሆስፒታል ውስጥ በተቆጣጣሪ ፊት ይሠራሉ። ከምረቃ በኋላም እያንዳንዱ ተግባር ብቃቱ ታይቶ በሥልጠና መዝገብ እስኪፈረምለት ድረስ ቴክኒሻኑ ብቻውን አይሠራውም።

ዋና ዋና ተግባራት

አቀባበል። ታማሚው ዋርድ ሲገባ ቴክኒሻኑ ስሙን ራሱ እንዲናገር ይጠይቀዋል። «አቶ እገሌ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የደከመ ሰው ለሁሉም «አዎ» ሊል ይችላልና። ማንነቱ ቢያንስ በሁለት መለያ፣ ለምሳሌ በሙሉ ስምና በትውልድ ቀን፣ ከእጅ አምባሩ ጋር ይመሳከራል። የአልጋ አጠቃቀሙን፣ የጥሪ ደወሉንና መጸዳጃውን ያሳየዋል፤ ንብረቱም ተቆጥሮ ይመዘገባል። የመጀመሪያው ሙሉ የነርስ ምርመራ ግን የነርሷ ሥራ ነው።

የሕይወት ምልክቶችን መለካት። በአዋቂ ሰው የልብ ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 100፣ ትንፋሽ ከ12 እስከ 20፣ የኦክስጅን መጠን በአብዛኛው 95 በመቶና ከዚያ በላይ፣ የደም ግፊት ከ120 በ80 በታች ሲሆን እንደ ጤናማ ይወሰዳል። ሕመምም ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ይጠየቃል። በአጠቃላይ ዋርድ ልኬቱ ብዙውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይደገማል፤ ከኦፕራሲዮን የወጣ ሰው ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በየ15 ደቂቃው ሊታይ ይችላል።

ከሁሉም ቀላል የሚመስለውና በጥንቃቄ ጉድለት የሚበላሸው የትንፋሽ ቆጠራ ነው። «ትንፋሽህን ልቁጠር» የተባለ ሰው ሳያውቀው አተነፋፈሱን ይለውጣል። ስለዚህ ልምድ ያለው ቴክኒሻን የልብ ምቱን ቆጥሮ ሲጨርስ የታማሚውን አንጓ አይለቅም። ጣቶቹ እዚያው እንዳሉ ዓይኑን ወደ ደረት ይመልስና አንድ ሙሉ ደቂቃ ወጣ ገባውን ይቆጥራል። ዛሬ ጠዋት 16 የነበረው ትንፋሽ ማታ 26 ከሆነ፣ ሌላው ልኬት ገና ደህና ቢመስልም እንኳ ለነርሷ ወዲያውኑ ይነገራል፤ የተፋጠነ ትንፋሽ ሰውነት መዳከም መጀመሩን ቀድመው ከሚናገሩ ምልክቶች አንዱ ነው።

የገላ ንጽሕናና አልጋ። አልጋ ላይ ገላ ማጠብ የራሱ ሥርዓት አለው። መጋረጃው ይዘጋል፤ ገላው በብርድ ልብስ ተሸፍኖ የሚታጠበው ክፍል ብቻ ይገለጣል። ዓይን ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ፣ ያለ ሳሙና፣ ለእያንዳንዱ ዓይን ጨርቁን እየቀየሩ ይጠረጋል። አጠባው ከንጹሑ ክፍል ተነሥቶ ወደ ቆሸሸው ይሄዳል። ልብስ ሲያለብሱ ከተጎዳው ክንድ ይጀመራል፤ ሲያወልቁ ከጤነኛው። መነሣት የማይችል ታማሚ አንሶላው የሚቀየረው እሱ እዚያው ተኝቶ እያለ ነው፦ ወደ አንድ ጎን ይገላበጣል፣ አሮጌው ተጠቅልሎ ወደ ጀርባው ይጠጋል፣ አዲሱ ከኋላው ይነጠፋል፣ ከዚያ በሌላው ጎን ይቀጥላል። የአከርካሪ ጉዳት የሚጠረጠር ከሆነ ግን ራስ፣ ትከሻና ዳሌ አንድ ላይ እንደ ግንድ እንዲዞሩ ብዙ ሰው ተባብሮ ያገላብጠዋል።

ገላ ማጠብ የምርመራ አጋጣሚም ነው። የቆዳ መቆጣት፣ የእግር እብጠት፣ የቁስል ጠረን መለወጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በዚህ ሰዓት ነው። ሐኪሙ በጉብኝት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፤ ጀርባውን አጥቦ ያደረቀው ሰው የሚያየው ግን ሌላ ነው።

የአልጋ ቁስልን መከላከል። ሥጋ በአጥንትና በፍራሽ መካከል ለረዥም ጊዜ ሲጨፈለቅ ደም አያገኝምና ይሞታል። ጅራት አጥንት፣ ዳሌና ተረከዝ ዋነኞቹ ቦታዎች ናቸው። የተጋላጭነት መጠን የሚለካው ከ6 እስከ 23 ነጥብ ባለው የብሬደን መለኪያ ነው፤ 18ና ከዚያ በታች ያገኘ ሰው ለአደጋ የተጋለጠ ነው። በራሱ መገላበጥ የማይችል ታማሚ በተለምዶ በየ2 ሰዓቱ ይገላበጣል፤ ተረከዙ ፍራሽ እንዳይነካ ከባቱ ሥር ትራስ ይገባል። የመጀመሪያው ደረጃ ምልክት በጣት ሲጫኑት የማይነጣ ቅላት ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ይህ ቅላት ላይታይ ስለሚችል ቴክኒሻኑ በእጁ ዳስሶ ሙቀትን፣ ጥጥረትንና ሕመምን መፈለግ አለበት። በዓይኑ ብቻ የሚተማመን ሰው የጥቁር ወታደርን ቁስል ከተከፈተ በኋላ ያየዋል።

ምግብና ፈሳሽ። ታማሚው በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይበላል፤ ከበላም በኋላ ለ30 ደቂቃ ያህል አይጋደምም። መዋጥ የሚቸግረው ሰው ምግቡ ወደ ሳንባው ገብቶ ለሳንባ ምች ሊዳርገው ይችላል፤ ስለዚህ ጉንጩ ውስጥ የቀረ ጉርሻ እንደሌለ ይታያል። የገባና የወጣ ፈሳሽ በሚሊ ሊትር ይመዘገባል፦ የጠጣው፣ በደም ሥር የተሰጠው፣ ሽንቱ፣ ትውከቱ፣ ከቁስል ቱቦ የወጣው። በረዶ ሲቀልጥ ግማሽ ያህል ስለሚሆን እንደ ግማሹ ይቆጠራል። በአዋቂ ሰው በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር ያነሰ ሽንት ለነርሷ ይነገራል። የሽንት ቱቦ ከረጢቱ ምንጊዜም ከፊኛ በታች ይንጠለጠላል፤ መሬት ግን አይነካም።

እንቅስቃሴና ከመውደቅ መጠበቅ። አልጋው ዝቅ ይላል፣ ጎማው ይቆለፋል፣ ደወሉ በታማሚው እጅ ሥር ይደረጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ አልጋው ጠርዝ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ይቀመጣል። ሲቆም የላይኛው የደም ግፊት በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ራሱን ሊስት ይችላል። ወጣት ወታደሮች «እችላለሁ» ብለው ብቻቸውን ለመነሣት ይቸኩላሉ፤ ስለዚህ በተለይ ከእነርሱ ጋር ትዕግሥት ያስፈልጋል። በጊዜ መንቀሳቀስ በእግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ፣ በጥልቀት መተንፈስና ማሳል ደግሞ ሳንባ እንዳይዘጋ ይረዳሉ።

ኢንፌክሽንን መከላከል። እጅ ታማሚን ከመንካት በፊትና በኋላ፣ ንጹሕ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ከሰውነት ፈሳሽ ንክኪ በኋላ፣ እንዲሁም በታማሚው ዙሪያ ያለን ዕቃ ከነኩ በኋላ ይጸዳል። እነዚህ የዓለም ጤና ድርጅት አምስቱ ጊዜያት ናቸው። በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ፣ በውኃና ሳሙና መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከኢራቅ በመጡ ቁስለኞች ላይ ብዙ መድኃኒት የማይበግረው አሲኔቶባክተር ባውማኒ በወታደራዊ ሆስፒታሎች ታይቶ ነበር። ጦር ሜዳውን ያለፈ ወታደር በዋርድ ውስጥ በባክቴሪያ እንዳይሸነፍ፣ የቴክኒሻኑ ንጹሕ እጅ ከዋና መከላከያዎች አንዱ ነው።

ርክክብና መዝገብ

ፈረቃ ሲለወጥ ርክክቡ በታማሚው አልጋ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። ለነርስ ወይም ለሐኪም መልእክት ሲደርስ አራት ነገሮች በቅደም ተከተል ይነገራሉ፦ አሁን ያለው ሁኔታ፣ የቀደመው ታሪክ፣ የታየው ነገርና የሚጠየቀው እርምጃ። መነሻው በባሕር ኃይሉ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች የነበረው የመልእክት ሥርዓት ነው። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ከመንግሥት የጤና ጥናት ተቋም ጋር አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የቡድን ሥራ ሥልጠናም ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው ሰው አደጋ ካየ ሥጋቱን ሁለት ጊዜ በግልጽ እንዲናገር ያስተምራል። ትእዛዝ መቀበል በለመደ ተቋም ውስጥ ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም፤ ሕይወት የሚያድን ግን ነው።

ያልተሠራ ሥራ አይመዘገብም፣ የተሠራም ሳይመዘገብ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2017 በፌርቻይልድ የአየር ኃይል ሰፈር ሥራ የጀመረው ኤምኤችኤስ ጀነሲስ የተባለ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ደረጃ በደረጃ ወደ ሌሎቹ ወታደራዊ የሕክምና ተቋማት ተስፋፍቷል።

የሥልጣን ወሰን

ቴክኒሻኑ በሽታ አይለይም፤ ከተፈቀደለት ውጭ መድኃኒት አይሰጥም፤ የሕክምና ዕቅድ አይለውጥም። ነርሷ ሥራ ስትሰጠው አምስት ነገሮች ትክክል መሆናቸው ይታያል፦ ተግባሩ፣ ሁኔታው፣ ሰውየው፣ መመሪያውና ክትትሉ። ያልሠለጠነበትን ሥራ «አላውቀውም» ብሎ መመለስ ግዴታው ነው፤ ነውር አይደለም።

ስንብትና ሞት

የዳነ ታማሚ ሲወጣ ቴክኒሻኑ ንብረቱን ያስረክባል፤ ነርሷ የሰጠችውን ምክር መረዳቱንም ራሱ መልሶ እንዲናገር በማድረግ ያጣራል። ወደ ሌላ ሆስፒታል በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነ መለያው፣ ሰነዱ፣ መድኃኒቱና ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ።

ታማሚው ካረፈ ደግሞ አስከሬኑ እንደ ሕያው ሰው በአክብሮት ይያዛል። የአስከሬን ምርመራ የሚያስፈልገው ከሆነ ቱቦዎቹ ሳይነኩ ይቆያሉ፤ ካልሆነ ይወጣሉ። ዓይኑ ይከደናል፣ ፊቱ ይታጠባል፣ ጸጉሩ ይበጠራል፣ ንጹሕ አንሶላ ይለብሳል፣ ንብረቱ በምስክር ፊት ይቆጠራል። ዘመድ ከሩቅ አገር ሲደርስ ልጁን ተጎሳቁሎ ሳይሆን ተሰናድቶ ያገኘዋል። እናት በመጨረሻው ሰዓት አጠገቡ ባትሆንም ፊቱን ያጠበለት ሰው ነበረ።