የቤት አጽም አናጢ (አሜሪካ)

የቤት አጽም አናጢ በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ የወለሉን፣ የግድግዳውንና የጣሪያውን የእንጨት አጽም ቆርጦና ገጣጥሞ የሚያቆም ባለሙያ ነው። በርና ቁም ሣጥን የሚገጥመው የማጠናቀቂያ አናጢ ከእርሱ በኋላ ይመጣል። ሥራው የኢትዮጵያን የጭቃ ቤት ቋሚና ማገር ያስታውሳል፤ እንጨቱ ግን ድቡልቡል ባሕር ዛፍ ሳይሆን በወጥ ልክ የተሰነጠቀ ነው፤ ቋሚዎቹም አብዛኛውን ጊዜ በ16 ኢንች (40 ሳ.ሜ. ገደማ) ርቀት ይተከላሉ።

ገቢ

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንደሚለው፣ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. የአናጢዎች መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 59,310 ዶላር ነበር፤ በሰዓት 28 ዶላር ከግማሽ ያህል ማለት ነው። ግማሾቹ ከዚህ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚህ በታች ያገኛሉ። ይህን ቁጥር ግን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የአጽም አናጢውን ከሌሎች አናጢዎች አይለይም። ሁለተኛ፣ የሚቆጥረው ተቀጣሪዎችን ብቻ ሲሆን፣ ከአናጢዎች ሩብ ያህሉ ደግሞ በግላቸው የሚሠሩ ናቸው። ሦስተኛ፣ ዓመቱን ሙሉ ሥራ እንዳለ አድርጎ ያሰላል፤ አጽም የሚቆመው ግን ጣሪያ በሌለበት ስለሆነ ዝናብና በረዶ ቀኑን ይበሉታል።

ክፍያው በሰዓት ወይም በቁርጥ ነው። በቁርጥ ሲሆን ንዑስ ተቋራጩ በቤቱ ስፋት፣ በካሬ ጫማ ዋጋ ይዋዋልና ለቡድኑ ያከፋፍላል። ፈጣን ቡድን በዚህ መንገድ ከሰዓት ተከፋይ የበለጠ ሊያገኝ ይችላል፤ ሆኖም ጣውላ ዘግይቶ ሲመጣ ወይም ፕላን ተሳስቶ ግድግዳ ሲፈርስ ኪሳራው በሠራተኛው ላይ ይወድቃል። ብዙ ሠራተኞች የማያውቁት፣ በቁርጥ የሚከፈለው ተቀጣሪም በ1938 እ.ኤ.አ. በወጣው የፌዴራል የሥራ ሕግ መሠረት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራው የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚገባው መሆኑን ነው። ለምሳሌ በሳምንት 50 ሰዓት ሠርቶ በቁርጥ 1,200 ዶላር ያገኘ ሰው የሰዓት ዋጋው 24 ዶላር ይሆናል፤ ለ10ሩ ትርፍ ሰዓት የዚህ ግማሽ፣ ማለትም 120 ዶላር ይጨመርለታል።

በዚህ ሙያ ትልቁ ክርክር ሠራተኛው ተቀጣሪ ነው ወይስ የግል ተቋራጭ የሚለው ነው። በተቋራጭነት የተመዘገበ አናጢ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የአሠሪውንም ድርሻ ጨምሮ 15.3 በመቶ ራሱ ይከፍላል፤ ተቀጣሪው የሚከፍለው 7.65 በመቶ ነው። ከዚያም በላይ የሥራ አጥነት ድጎማና የሥራ ላይ ጉዳት መድን አብዛኛውን ጊዜ ይቀርበታል። በአሜሪካ ግንባታ ብዙ ሰው የሚሞተው ከከፍታ በመውደቅ ስለሆነ፣ ለአጽም አናጢ የመድኑ ጉዳይ ቀላል አይደለም። በሌላ ሰው መሣሪያ፣ በሌላ ሰው ሰዓትና ትእዛዝ የሚሠራ ሰው «ተቋራጭ» ተብሎ ስለተመዘገበ ብቻ በሕግ ፊት ተቋራጭ አይሆንም። በሰዓት ሁለትና ሦስት ዶላር ከፍ ያለ «የተቋራጭ» ክፍያ፣ እነዚህ ሲቀነሱለት፣ ከዝቅተኛው የተቀጣሪ ደመወዝ ሊያንስ ይችላል።

እድገት

ጀማሪው ጣውላ ይሸከማል፤ ቀጥሎ ቆራጭ ይሆናል። የገቢው ዋና እርከን ፕላን አንብቦ የግድግዳን ቦታ በወለሉ ላይ ማስመርና የጣሪያ ወራጅ ተዳፋትን ማስላት ነው፤ ይህን የቻለ የቡድን መሪ ይሆናል። የተለማማጅነት ሥልጠና ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል። በብዙ ክፍላገሮች ተቋራጭ ለመሆን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ተቀጥሮ ለመሥራት ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

የሥራ ተስፋ

ሥራው ከቤት ብድር ወለድ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በ2005 እ.ኤ.አ. ከ2 ሚሊዮን በላይ መኖሪያ ቤቶች ግንባታቸው ተጀምሮ ነበር፤ በ2009 ግን ወደ 554 ሺህ ገደማ አሽቆለቆለ፤ ይህም ከ1959 ጀምሮ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። ያኔ ሙያውን ትተው ከሄዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ከዚያ በኋላ ለታየው የባለሙያ እጥረት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቢሮው ከ2024 እስከ 2034 የአናጢዎች ቁጥር በ4 በመቶ እንደሚያድግ ይገምታል፤ ክፍት ቦታዎቹ በአብዛኛው ጡረታ በሚወጡና ሙያ በሚቀይሩ ሰዎች ምክንያት የሚፈጠሩ ናቸው። የጣሪያ ተሸካሚዎች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ በፋብሪካ ተገጣጥመው ይመጣሉ፤ ግድግዳውም በአንዳንድ ቦታ እንዲሁ መምጣት ጀምሯል። ነባር ቤት የሚያድስ አናጢ ግን በዚህ ብዙም አይነካም፤ የአሮጌ ቤት ልክ ፋብሪካ ውስጥ አይገኝምና።