ጠቢብ (ቃል)

ጠቢብ ከግዕዝ «ጠበበ» (ብልህ ሆነ፣ ዐወቀ) ከሚለው ግስ የወጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ዐዋቂ፣ ብልህ ማለት ነው። በአማርኛ የእጅ ባለሙያም፣ በተለይ ብረት ቀጥቃጭ፣ በዚህ ስም ይጠራል። «ጠይብ» የዚሁ ቃል ሌላ መልክ ሲሆን ለረጅም ዘመን እንደ ስድብ አገልግሏል።

አመጣጥ

ከአንዱ ሥር «ጥበብ»፣ «ጥበበኛ» እና «ኪነ ጥበብ» የሚሉት ቃላት ተገኝተዋል። በሽመና ሥራ ደግሞ «ጥበብ» የሚባለው በቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ የሚሠራው ባለ ቀለም ጌጥ ነው። በአማርኛ «ጠበበ» ጠባብ ሆነ ማለትም ነው፤ ይህኛው ግን ከግዕዝ «ጸበበ» የመጣ ሌላ ሥር ነው። በዐረብኛ «ጠቢብ» ሐኪም ማለት ነው።

ዕውቀትንና የእጅ ሥራን በአንድ ቃል ማጣመር በመጽሐፍ ቅዱስም ይታያል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 ባስልኤል ወርቅ፣ ብርና ናስ እንዲሠራ ጥበብ እንደተሰጠው ተጽፏል።

ከግሪኩ «ዴሚዩርጎስ» ጋር

የግሪኩ ቃል ከ«ዴሞስ» (ሕዝብ) እና «ኤርጎን» (ሥራ) የተሠራ ሲሆን መነሻው ለሕዝብ የሚሠራ ባለሙያ ማለት ነው። በሆሜር ዘመን አናጢው፣ ሐኪሙና ዘማሪው በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ፕላቶን «ቲማዮስ» በተባለው ድርሰቱ ዓለምን ያበጀውን አምላክ ዴሚዩርጎስ ብሎታል። በዕብራውያን መልእክት 11፥10 ቃሉ ለእግዚአብሔር ተነግሯል። ኋላ ግኖስቲኮች ዝቅ ያለ፣ ጉድለት ያለበት ፈጣሪ አደረጉት። ሁለቱም ቃላት ከእጅ ሥራ ጋር ተያይዘው አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ብለዋል።

ከክብር ወደ ስድብ

ማረሻ፣ ማጭድና ጦር ያለ ቀጥቃጭ አይገኝም። ሆኖም በብዙ የሰሜን ኢትዮጵያ አካባቢዎች ቀጥቃጮች ቡዳ ናቸው ተብለው ይፈሩ ነበር፤ ከሌላው ጋር መጋባትና ርስት መያዝም ይከለከሉ ነበር። በጎንደር አካባቢ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የሚተዳደሩት በብረትና በሸክላ ሥራ ስለነበር ስሙ ለእነርሱም ተሰጥቷል።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አዋጁ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ጸሐፊውን ጠንቋይ እያሉ መሳደብ ሥራንና አገርን እንደሚጎዳ ገልጾ ተሳዳቢው እንደሚቀጣ ያስጠነቅቃል። ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም።

በአራዳና በፒያሳ

አራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደ መርካቶ ተዛወረ፤ ሰፈሩም በጣልያንኛ አደባባይ ማለት በሆነው «ፒያሳ» ታወቀ። ፒያሳ በወርቅ ቤቶቿ ታዋቂ ሆናለች። በከተማው የወርቅና የብር ሠሪው መጠሪያ «አንጥረኛ» ወይም «ወርቅ ሠሪ» እንጂ «ጠይብ» አይደለም፤ ሥራው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ስሙ ነቀፌታ የለበትም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ለመልሶ ልማት ፈርሷል።

የሰፈሩ ስም የተገላቢጦሽ መንገድ ሄዷል። «ጠቢብ» ከብልህነት ተነሥቶ ወደ ስድብ ሲወርድ፣ «አራዳ» ከቦታ ስምነት ተነሥቶ በከተማ ቋንቋ ብልጥ፣ ነቄ ማለት ሆኗል።