«ራንደም» እና ፈቃድ
በወጣቶቻችን አፍ ያልተጠበቀው ሁሉ «ራንደም» ሆኗል፤ ራንደም ሰው፣ ራንደም ጥያቄ። የእንግሊዝኛው ቃል ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ መነሻው ግልቢያና ችኮላ ሲሆን፣ «ያለ ዓላማ» የሚለው ፍቺ የተጨመረበት ኋላ ነው። በስታቲስቲክስ «የዘፈቀደ ናሙና» እየተባለ ይተረጎማል። ይህ እኔን ይከነክነኛል። «ዘፈቀደ» ግእዝ ነው፤ «የፈቀደ፣ የወደደ» ማለት ነውና ውስጡ ፈቃድ አለ። አለቃ በዘፈቀደ ሠራተኛ ሲያባርር የሚያስቆጣን እኮ ፈቃዱ ስለበዛ ነው! ናሙና ወሳጁ ግን የሚደክመው የራሱን ምርጫ ከመካከል ለማውጣት ነው። «አጋጣሚ» ብለን እንዳንተረጉመውም እሱ ሌላ ነው፤ አርስቶትል በ«ፊዚክስ» መጽሐፉ ለሌላ ጉዳይ ገበያ ወጥቶ ተበዳሪውን ስላገኘ ሰው ያነሳል፤ ሁለቱም የመጡበት ምክንያት አላቸው፤ ያልታሰበው መገጣጠማቸው ብቻ ነው። ለናሙናው እኔ የምመርጠው «ዕጣ»ን ነው። ዕቁብ የገባ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለማን እንደሚወጣ ዳኛውም አይወስንም። አማኝ ከዕጣው ጀርባ የፈጣሪን ፈቃድ ያያል፤ ሐዋርያው ማትያስ በይሁዳ ምትክ የተመረጠው በዕጣ ነበር። እንደዚያም ሆኖ የመራጭ ሰው ፈቃድ አልገባበትም። እንግዲህ «የዕጣ ናሙና»፣ «የዕጣ ቁጥር» እንበል፤ መንገድ ላይ ለተገኘው ሰው ደግሞ «አንድ የማላውቀው ሰው» ይበቃዋል።